ሥራ ሳይቆም የቨርቹዋላይዜሽን ሰርቨሮችን ፈርምዌር ማዘመን

ከቃሊቲ ወጥታችሁ በገላን በኩል እስከ ዱከም ብትሄዱ፣ ወይም ወደ ሰበታና ለገጣፎ ብትዞሩ፣ ከፋብሪካውና ከመጋዘኑ ጀርባ አንድ ትንሽ የሰርቨር ክፍል አይጠፋም። ሦስት ወይም አራት ሰርቨር፣ አንድ ስቶሬጅ፣ ሁለት ስዊች፣ አንድ ዩፒኤስ። ሒሳቡ፣ ደመወዙ፣ የመጋዘን መዝገቡ፣ የሠራተኛ መግቢያና መውጫው ሁሉ እዚያ ላይ በቨርቹዋል ማሽን (በሰርቨሩ ውስጥ እንደ ራሱን የቻለ ኮምፒውተር በሚሠራ ሶፍትዌር) ይሠራል። ዊንዶውሱ ይዘመናል። አንቲቫይረሱ ይዘመናል። ፈርምዌሩ (በሰርቨሩ ቦርድ፣ ካርዶችና ዲስኮች ላይ የተጻፈው መሠረታዊ ሶፍትዌር) ግን ብዙ ጊዜ ሰርቨሩ ከካርቶን በወጣበት ቀን የነበረው ነው።

ምክንያቱ ፍርሃት ነው። ፍርሃቱም መሠረት አለው። ባዮስ (ሰርቨሩን የሚያስነሣው ፈርምዌር) እየተጻፈ መብራት ቢሄድ ቦርዱ ሊሞት ይችላል። አዲስ ቦርድ ደግሞ ከውጭ ነው የሚመጣው፤ የውጭ ምንዛሪ፣ ጉምሩክ፣ ጥበቃ አለው። ስለዚህ «የሚሠራን ነገር አትንካ» ይባልና ዓመታት ያልፋሉ።

አለመንካትም ግን ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 የሰርቨር አምራቹ ኤችፒኢ አንዳንድ የሳስ ኤስኤስዲ ዲስኮቹ 32,768 ሰዓት ሲሞላቸው እንደሚሞቱ፣ ዳታውም እንደማይመለስ አስጠነቀቀ። 32,768 ሰዓት 3 ዓመት ከ270 ቀን ከ8 ሰዓት ነው። በማርች 2020 ደግሞ ሌሎች ሞዴሎች 40,000 ሰዓት ላይ ተመሳሳይ ችግር እንዳለባቸው ታወቀ። መፍትሔው የዲስኩን ፈርምዌር ቀድሞ ማዘመን ነበር። አስቡት፤ አብረው የተገዙ ዲስኮች አብረው ይበራሉ፣ ሰዓቱንም አብረው ይሞላሉ። ሬይድ (ዳታውን በብዙ ዲስክ የሚያከፋፍለው መጠባበቂያ) የሚያድነው አንድ ወይም ሁለት ዲስክ ሲሞት ነው። ሁሉም ተከታትለው ሲሞቱ ምንም አያደርግም።

የደኅንነቱም ነገር አለ። የዴል አይድራክ፣ የኤችፒኢ አይሎ ወይም በጥቅሉ ቢኤምሲ የምንለው ትንሽ ኮምፒውተር ሰርቨሩን ከርቀት ያበራል፣ ያጠፋል፣ ስክሪኑን ያሳያል። በ2017 በተደፈነ አንድ የአይሎ 4 ክፍተት፣ 29 ጊዜ «ኤ» የሚለውን የላቲን ፊደል በጥያቄው ውስጥ መላክ ብቻ ያለ ፓስወርድ ያስገባ ነበር። ያንን በር የሚዘጋው የፈርምዌር አፕዴት እንጂ አንቲቫይረስ አይደለም።

በሌላ በኩል መቸኮልም ይጎዳል። በጃንዋሪ 2018 የስፔክተርና የሜልትዳውን የፕሮሰሰር ጉድለቶች ይፋ ሲሆኑ፣ ኢንቴል አዲስ ማይክሮኮድ (የፕሮሰሰሩን ፈርምዌር) ለቀቀ። በዚያው ወር 22 ላይ ግን «ሰርቨሮች ሳይጠበቅ ሪቡት እያደረጉ ነው፣ መጫኑን አቁሙ» አለ። ስለዚህ የእኔ ልማድ ይህ ነው፦ ጥቃት እየተፈጸመበት ያለ ክፍተት ከሆነ ቶሎ፣ ተራ ማሻሻያ ከሆነ ግን ከወጣ ቢያንስ አንድ ወር ካለፈው በኋላ። ሁለቱንም ጫፍ የሚያስታርቀው ደግሞ አንድ ሕግ ነው። አንድ ሰርቨር ብቻ ይዘመናል፣ ይፈተሻል፣ ሥራ ላይ ይውላል፤ ሁለተኛው የሚነካው የመጀመሪያው ራሱን ካስመሰከረ በኋላ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህንን ሕግ ለመጠበቅ ነው።

1. ያላችሁን መዝግቡ

አንድ የኤክሴል ሠንጠረዥ ክፈቱ። ለእያንዳንዱ ሰርቨር ሞዴሉን፣ ሴሪያል ቁጥሩን፣ ከዚያም የባዮሱን፣ የቢኤምሲውን፣ የሬይድ ካርዱን፣ የኔትወርክ ካርዱን፣ የእያንዳንዱን ዲስክ ሞዴልና ፈርምዌር ጻፉ። አይድራክም ሆነ አይሎ ይህንን በአንድ ገጽ ያሳያል። ሠንጠረዡ ሲያልቅ ብዙ ጊዜ የሚገርም ነገር ይወጣል፤ መንትያ የመሰሉን ሰርቨሮች መንትያ አይደሉም። አንዱ በኋላ የተገዛ ነው፣ የአንዱ ቦርድ ተቀይሯል፣ የአንዱ ኔትወርክ ካርድ ከሌላ አምራች ነው። ይህንን ሌሊት ላይ ሳይሆን አሁን ማወቅ ይሻላል።

2. የሚስማማ ስብስብ ምረጡ

«የመጨረሻውን ቨርዥን ጫን» የሚለው ምክር ለክላስተር (አብረው እንደ አንድ ለሚሠሩ ሰርቨሮች) አይሠራም። ሦስት ነገሮች መግባባት አለባቸው፦ የካርዱ ፈርምዌር፣ በሃይፐርቫይዘሩ (ቨርቹዋል ማሽኖቹን በሚያስኬደው ሶፍትዌር) ውስጥ ያለው ድራይቨር፣ እና ራሱ ሃይፐርቫይዘሩ። ሃይፐርቫይዘራችሁ የቪኤምዌር ከሆነ በተኳኋኝነት ዝርዝሩ ላይ ካርዳችሁን ፈልጉ፤ የትኛው ፈርምዌር ከየትኛው ድራይቨር ጋር እንደተፈተነ ጥንድ ጥንድ አድርጎ ያስቀምጣል። ቪሳን (የሰርቨሮቹን ዲስኮች አንድ ስቶሬጅ የሚያደርገው የቪኤምዌር ሶፍትዌር) ካላችሁ ይህ ምርጫ አይደለም፣ ግዴታ ነው፤ የሬይድ ካርዱና የዲስኮቹ ፈርምዌር ከዝርዝሩ ሲወጣ ቪሳን ራሱ በጤና ምርመራው ላይ ያሳያችኋል።

አምራቾቹም የራሳቸውን የተፈተነ ስብስብ ያወጣሉ። ኤችፒኢ ለፕሮላያንት የአገልግሎት ጥቅል አለው፣ ዴል የካታሎግ ማዘጋጃ ሶፍትዌር አለው፣ ሌኖቮ በኤክስክላሪቲ በኩል ያቀርባል። የተለያየ ቀን ፋይሎችን ከመለቃቀም እንደዚህ ዓይነቱን ስብስብ እመርጣለሁ፤ አብረው የተፈተኑ ናቸውና። አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። የኤችፒኢን ጥቅል ለማውረድ ሰርቨሩ ዋስትና ወይም የድጋፍ ውል ሊኖረው ይገባል። ያገለገለ ሰርቨር ገዝታችሁ ከሆነ ይህ በር ሊዘጋባችሁ ይችላል። የዴል ግን ለሁሉም ክፍት ነው።

የአምራቹን ማስታወሻ አንብቡ። በተለይ «ከዚህ ቨርዥን በፊት ያላችሁ መጀመሪያ ወደዚያ ውጡ» የሚለውን አረፍተ ነገር ፈልጉ። ለዓመታት ያልተነካ ሰርቨር በአንድ እርምጃ ወደ መጨረሻው ላይወጣ ይችላል። «ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም» የሚል ካለም አስምሩበት።

3. ፋይሉን ቀድማችሁ አውርዱ

ከከተማ ወጣ ብሎ ላለ ቢሮ ይህ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። 10 ጊጋባይት ፋይል በ10 ሜጋቢት መስመር ሳይቋረጥ ቢወርድ ከ2 ሰዓት በላይ ይፈጃል። የመንገድ ቁፋሮ ፋይበሩን ከቆረጠው ደግሞ ጨርሶ አይወርድም። ስለዚህ ከሳምንት በፊት አውርዱ። ከአምራቹ ገጽ ላይ ያለውን የሻ-256 ቁጥር (የፋይሉን አሻራ) ካወረዳችሁት ፋይል ጋር አስተያዩ፤ ተቆራርጦ የወረደ ፋይል በዚህ ይታወቃል። ከዚያ ቅጂውን በሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ በላፕቶፓችሁ፣ ሌላው በፍላሽ። በክላስተሩ ውስጥ ባለ የፋይል ሰርቨር ላይ ብቻ አታስቀምጡት። ክላስተሩ ከተቸገረ ፋይሉም አብሮ ይጠፋል።

4. አንድ ሰርቨር ሲወጣ የቀሩት ይችላሉ ወይ?

እዚህ ላይ ሒሳብ ሥሩ። ሦስት ሰርቨር አላችሁ እንበል፣ እያንዳንዱ 256 ጊጋባይት ሜሞሪ። ጠቅላላው 768 ነው። አንዱ ሲወጣ 512 ይቀራል። ቨርቹዋል ማሽኖቹ በድምሩ 430 የሚጠቀሙ ከሆነ ይበቃል። በዚያው ሌሊት ሌላ ሰርቨር ቢወድቅስ? 256 ብቻ ይቀራል። ስለዚህ የትኞቹ ማሽኖች መነሣት እንዳለባቸው፣ የትኞቹ እስከ ጠዋት ሊቆዩ እንደሚችሉ አስቀድማችሁ በወረቀት ጻፉ። ይህንን ዝርዝር የሒሳብ ክፍሉና የምርት ክፍሉ ኃላፊ ይዩት። ለእኛ ትንሽ የመሰለን ማሽን ለእነሱ የመጫኛ ሰነድ የሚያወጣው ሊሆን ይችላል።

ሜሞሪ ብቻ አይደለም፣ ድምፅም አለ። ክላስተር የሚሠራው አብዛኛው አባል ሲገኝ ነው። በሦስት ሰርቨር ፕሮክስሞክስ (ሌላ ሃይፐርቫይዘር) ሁለት ድምፅ ያስፈልጋል። አንዱን ለአፕዴት አውጥታችሁ ሌላው በመብራት ምክንያት ቢጠፋ የቀረው አንዱ ብቻውን ምንም መወሰን አይችልም። ኤችኤ (ሰርቨር ሲወድቅ ማሽኖቹን በሌላው ላይ የሚያስነሣው) የበራ ከሆነ ራሱን ሪቡት ያደርጋል። ሁለት ሰርቨር ብቻ ካላችሁ ደግሞ ሦስተኛ ድምፅ የሚሰጥ ትንሽ ማሽን ከውጭ ሳታዘጋጁ አትጀምሩ።

ስቶሬጁ በሰርቨሮቹ ውስጥ ከሆነ ነገሩ ይጠነክራል። በሴፍ (ከፕሮክስሞክስ ጋር በሚሠራው የጋራ ስቶሬጅ) የተለመደው አሠራር ሦስት ቅጂ ነው፤ ቢያንስ ሁለቱ ካልተገኙ ማንበብና መጻፍ ይቆማል። በቪሳንም አንድ ሰርቨር ሲወጣ ዳታው ይነበባል፣ መጠባበቂያው ግን ይሳሳል። ስለዚህ ስቶሬጁ ውስጥ ቀድሞ የታመመ ዲስክ ካለ መጀመሪያ እሱን ቀይሩ። አፕዴቱ ይጠብቃል።

5. መብራት

እዚህ ላይ ረዘም አደርጋለሁ፤ በእኛ አካባቢ ፈርምዌር የሚያበላሸው በአብዛኛው ፈርምዌሩ ራሱ አይደለም።

የዩፒኤሱን ስክሪን አትመኑ። «45 ደቂቃ» የሚለው ባትሪው ጤነኛ ሲሆን ነው። የተለመደው የታሸገ ሊድ አሲድ ባትሪ ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው የሚያገለግለው፤ ሙቀት ያለበት ክፍል ውስጥ ከዚያም ያንሳል። ከቀናት በፊት፣ ሥራ ቀለል ባለበት ሰዓት፣ ጀነሬተሩ ተዘጋጅቶ እያለ የዩፒኤሱን መግቢያ አጥፉና ስንት ደቂቃ እንደሚይዝ በሰዓት ለኩ። ባትሪው ግማሽ እስኪሆን በቂ ነው። የምትፈልጉት መጠን ግልጽ ነው፦ ረጅሙ የፈርምዌር መጻፍ ሥራ ከነሪቡቱ ከሚወስደው ጊዜ ቢያንስ እጥፍ።

ቀጥሎ ጀነሬተሩ። ባዶውን አስነሥቶ ማጥፋት ፈተና አይደለም። ጭነት ተሸክሞ፣ ከመብራት ወደ ጀነሬተር መቀየሪያው በራሱ ዞሮ፣ ከዚያም ተመልሶ መታየት አለበት። ጀነሬተሩን የሚጠብቀውን ሰው በአካል አናግሩት። በስልክ ከታዘዘ ሰው ይልቅ ምን እንደምትሠሩ የተረዳ ሰው ይሻላል። «ጋሼ፣ ቅዳሜ ሌሊት ሰርቨሮቹን እንነካለን። መብራት ከሄደ ቶሎ መነሣት አለበት፤ ነዳጁን ከቀን ይሙሉልን፣ ሌሊቱንም እርስዎ ቢሆኑ ደስ ይለናል» ማለት ብዙ ነገር ያስተካክላል። ነዳጅ በሰልፍ በሚገኝበት ሰሞን ይህ ንግግር ከሳምንት በፊት መሆን አለበት።

የእያንዳንዱን ሰርቨር ሁለት ፓወር ሰፕላይም ፈትሹ። ሁለቱም ወደ አንድ ሶኬት ማከፋፈያ ገብተው ከሆነ ሁለት መሆናቸው ትርጉም የለውም። ሁለት ዩፒኤስ ካላችሁ ለየብቻ አድርጓቸው።

በሥራው መሃል መብራት ሄዶ ከመጣስ? የተጀመረውን ጨርሱ፣ አዲስ ሰርቨር ግን አትጀምሩ። መብራት በመጣበት የመጀመሪያ ደቂቃዎች ቮልቴጁ ይዋዥቃል፣ ደግሞም ተመልሶ ይሄዳል። ሩብ ሰዓት ያህል ረግቶ ሲቆይና ዩፒኤሱ መሙላት ሲጀምር ቀጥሉ።

አንድ ተጨማሪ ነገር፣ ከመብራት ጋር ባይሆንም ከክፍሉ ጋር የሚያያዝ። ብዙ ሰርቨሮች እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሠራሉ ይባላል። ይህ ግን ለምሳሌ በዴል ሰርቨሮች እስከ 950 ሜትር ከፍታ ነው። ከዚያ በላይ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይቀነሳል። የአዲስ አበባ ዙሪያ በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ጣሪያው ወደ 31 ዲግሪ ይወርዳል ማለት ነው። አዲስ የቢኤምሲ ፈርምዌር የፋኑን ፍጥነት አዛዥ ሊቀይር ይችላል። ስለዚህ ከአፕዴቱ በፊት የፋኑን ፍጥነትና የፕሮሰሰሩን ሙቀት መዝግቡ፣ በኋላም አስተያዩ።

6. ቀኑና ሰዓቱ

የሰኔ መጨረሻን ተዉት። የበጀት ዓመት መዝጊያ ነው፣ ሒሳብ ክፍል ሌሊት ሁሉ ይሠራል። የደመወዝ ሳምንትንም ተዉት። የበዓል ዋዜማም አይሆንም፤ ችግር ቢመጣ ስልክ የሚያነሣ ባለሙያም መለዋወጫም አይገኝም። ቅዳሜ ማታ ተጀምሮ እሑድ ጠዋት የሚያልቅ ጥሩ ነው፤ ለስህተት አንድ ሙሉ ቀን ይተርፋል። ፋብሪካው በሦስት ፈረቃ የሚሠራ ከሆነ ከፈረቃ አለቆቹ ጋር ተነጋግራችሁ የምትይዙት ሰዓት ይለያል።

ሰዓት ሲጻፍ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለሠራተኛው «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ብላችሁ ስትለጥፉ፣ በሰርቨሩ ሰዓት 02:00 ነው። ቢኤምሲው በዩቲሲ (ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ በሆነው ዓለም አቀፍ ሰዓት) ከተስተካከለ ደግሞ ያው ሰዓት ያለፈው ቀን 23:00 ነው። አፕዴቱን በቀጠሮ የምታስይዙ ከሆነ ይህ ልዩነት በሥራ ሰዓት ሰርቨር ሪቡት ሊያደርግ ይችላል። ሁሉንም ቢኤምሲዎች ከአንድ የሰዓት ምንጭ ጋር አስተካክሉ፤ በዕቅዱ ላይም ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፉ። እኔ በበኩሌ በቀጠሮ ሪቡት አላስደርግም። ሰው ቆሞ እያየ ይሁን።

ሁለት ሰው ይኑር። አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ዝርዝሩን እያነበበ ሰዓት ይመዘግባል። ከገላን ሌሊት ወደ መሃል ከተማ መመለሻ ማግኘት ስለሚከብድ እዚያው ማደር ነው፤ ብርድ ልብስና ምግብ ከዕቅዱ ውስጥ ይግባ።

7. ባክአፕና ቁልፎች

የቨርቹዋል ማሽኖቹን ባክአፕ ከአፕዴቱ በፊት ባለው ቀን አድርጉ፤ አንዱን ከባክአፑ አስነሥታችሁም ሞክሩት። ስናፕሾት (የማሽኑ የቅጽበት ቅጂ) ባክአፕ አይደለም። እዚያው ስቶሬጅ ላይ ነው ያለው።

ብዙዎች የሚረሱት ቁልፎቹን ነው። ባዮስ ሲቀየር የምስጠራ ቁልፍ የሚጠብቀው የቲፒኤም ቺፕ የሚለካው ነገር ይቀየራል። ሃይፐር-ቪ (የማይክሮሶፍት ሃይፐርቫይዘር) ሰርቨሮች ላይ ቢትሎከር (የዲስክ ምስጠራ) ካለ ለጊዜው አግዱት፣ የማስመለሻ ቁልፉንም በወረቀት ያዙ። ቲፒኤም ያላቸው ኢኤስኤክስአይ (የቪኤምዌር ሃይፐርቫይዘር) ሰርቨሮች ከ7.0 ዩ2 ጀምሮ የራሳቸውን ማስተካከያ ያመሰጥራሉ፤ የማስመለሻ ቁልፋቸውን ከእያንዳንዱ ሰርቨር አውጥታችሁ አስቀምጡ። ያለ እሱ ሰርቨሩ ከባዮስ አፕዴት በኋላ አልነሣም ቢል እንደገና መጫን ነው የሚቀረው።

የባዮሱን ማስተካከያም ፎቶ አንሡ ወይም ከቢኤምሲው ላይ በፋይል አውጡ። የቢኤምሲውና የእያንዳንዱ ሰርቨር ዋና ፓስወርድ ከክላስተሩ ውጭ ይቀመጥ። የፓስወርድ ማስቀመጫችሁ ራሱ ቨርቹዋል ማሽን ከሆነ ይህንን ቃል በቃል ውሰዱት።

8. የመጀመሪያው ሰርቨር

ትንሹን ጭነት የያዘውን ምረጡ። ክላስተሩ ቀድሞ ጤነኛ መሆኑን አረጋግጡ፤ ያልታየ ማስጠንቀቂያ ካለ እዚያው አቁሙ።

አሁን ሰርቨሩን ባዶ አድርጉት። በቪስፊር (በቪኤምዌር) ይህ ሜንተናንስ ሞድ ይባላል። ዲአርኤስ ካላችሁ ማሽኖቹን ራሱ ያዛውራል፤ ላይሰንሳችሁ ዲአርኤስ ከሌለው በቪሞሽን አንድ በአንድ በእጅ ታዛውራላችሁ። ቪሳን ላይ ዳታው ተደራሽ ሆኖ እንዲቆይ የሚለውን አማራጭ ውሰዱ። ሰርቨሩ ከ60 ደቂቃ በላይ ከጠፋና ሌላ ቦታ ካለ ቪሳን ቅጂውን እንደገና መሥራት እንደሚጀምር አስታውሱ። በፕሮክስሞክስ ከ7.3 ጀምሮ ኤችኤ ላይ የኖድ ሜንተናንስ ትእዛዝ አለ። ሴፍ ካለ ደግሞ መጀመሪያ ኖአውት የሚባለውን ምልክት አብሩ፤ ካላበራችሁት ከ10 ደቂቃ በኋላ ሴፍ ዲስኮቹን ከስብስቡ ሊያስወጣቸውና ዳታ ማዘዋወር ሊጀምር ይችላል። በሃይፐር-ቪ ሥራዎቹን አስወጥቶ ለአፍታ ማቆም የሚለው ነው።

አንዳንድ ማሽን አልሄድም ይላል። ሦስት ቦታ ፈልጉ። ሲዲው ላይ የተሰካ አይኤስኦ (የሲዲ ምስል) ፋይል አለ ወይ? ዲስኩ በዚያው ሰርቨር ውስጥ ነው ወይ? የላይሰንስ ዶንግል በዩኤስቢ ተሰክቷል ወይ? ዶንግሉ ሰርቨሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። የሒሳብ ሶፍትዌሩ እሱን የሚፈልግ ከሆነ ለተጠቃሚዎቹ ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ሰርቨሩ ባዶ ሲሆን አንድ ጊዜ ምንም ሳትጭኑ ሪቡት አድርጉት። ይህንን እርምጃ አትዝለሉ። ሁለት ዓመት ያልጠፋ ሰርቨር ሲነሣ የሚያሳየው ችግር ካለ፣ የድሮ ችግር መሆኑን ከአዲሱ ፈርምዌር በፊት ታውቃላችሁ።

በመጫኛው መንገድ ላይ ሦስት ምርጫ አለ። ፋይሉን በቢኤምሲው ገጽ መስቀል፣ ከአምራቹ አይኤስኦ ማስነሣት፣ ወይም በቪስፊር ከ7.0 ጀምሮ ያለውን የላይፍሳይክል ማናጀር ከአምራቹ ተሰኪ ጋር መጠቀም። የመጨረሻው ሰርቨሮቹን በራሱ ተራ በተራ ይሠራል። ከአሥር በላይ ሰርቨር ካላችሁ ጥሩ ነው። ለሦስትና ለአራት ሰርቨር ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት እመርጣለሁ፤ እያያችሁ ነው የምትሠሩት።

ቅደም ተከተሉ በአብዛኛው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ቢኤምሲ፣ ከዚያ ባዮስ፣ ከዚያ ሬይድ ካርድ፣ ኔትወርክ ካርድ፣ በመጨረሻ ዲስኮች። የአምራቹ ማስታወሻ ሌላ ካለ እሱ ይበልጣል። ቢኤምሲው ሲታደስ ገጹ ለደቂቃዎች ይጠፋል፣ ፋኑ ይጮሃል። አትደንግጡ፣ ምንም አትንኩ። የባዮሱ ሲደርስ ሪቡቱ ከአንድ ጊዜ በላይ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ሜሞሪ ያለው ሰርቨር ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ረጅም ደቂቃ ይቆያል። በዚህ ጊዜ ፓወር የሚጫን ጣት ነው ቦርድ የሚገድለው።

ኔትወርክ ካርዱ ላይ ለፕሮክስሞክስ ተጠቃሚዎች አንድ ማሳሰቢያ። ከፈርምዌር በኋላ የኔትወርክ መስመሩ ስም ሊለወጥ ይችላል። ሰርቨሩ ተነሥቶ ኔትወርክ ግን የለውም። በቢኤምሲው ኮንሶል ገብታችሁ ስሙን በማስተካከያ ፋይሉ ላይ ታርማላችሁ፤ ስለዚህ ኮንሶሉ መሥራቱን አስቀድማችሁ እዩ።

9. ፍተሻ

ሰርቨሩ ሲነሣ ማሽን ከመመለሳችሁ በፊት ባዮሱን ተመልከቱ። ቨርቹዋላይዜሽን በርቷል? የማስነሻው ዓይነት ዩኢኤፍአይ እንደነበረ ነው? የኃይል አጠቃቀሙ ወደ ቁጠባ ተመልሷል? ያነሣችሁት ፎቶ እዚህ ይጠቅማል። ከዚያ ሁሉም ዲስክ፣ ሁሉም ሜሞሪ፣ ሁሉም የኔትወርክ መስመር በሚገባው ፍጥነት መኖሩን እዩ። የቢኤምሲውን ሎግ ከአፕዴቱ ሰዓት ጀምሮ አንብቡ።

ከሜንተናንስ ሞድ አውጡትና መጀመሪያ የማይጎዳ አንድ ማሽን ብቻ አዛውሩበት። ወደ እሱም፣ ከእሱም መሄድ መቻሉን ሞክሩ። ለስቶሬጁም ጊዜ ስጡት። ሴፍ ላይ ኖአውት በርቶ እያለ ጤናው ሙሉ አረንጓዴ አይሆንም፤ ስለዚህ ቀለሙን ሳይሆን ሁሉም የዳታ ክፍሎች ንቁና ንጹሕ መሆናቸውን ተመልከቱ። ቪሳን ላይ ማመሳሰሉ ዜሮ እስኪደርስ ጠብቁ። የክላስተር ሥራ በብዛት የሚበላሸው እዚህ ነው፤ ማመሳሰሉ ሳያልቅ ሁለተኛው ሰርቨር ይወጣና የዳታው ጤነኛ ቅጂ አብሮ ይወጣል።

በዚያ ሌሊት እዚህ ላይ ማቆምም ይቻላል። እንዲያውም እኔ የምመክረው እሱን ነው። የመጀመሪያው ሰርቨር አንድ ሳምንት ሙሉ በሥራ ጭነት ይፈተን፣ የቀሩት በሚቀጥለው ቅዳሜ ይሁኑ።

በመካከል ባለው ሳምንት ግን አንድ ነገር ጠብቁ። አዲስ ማይክሮኮድ ለፕሮሰሰሩ አዲስ ችሎታ ሊጨምርለት ይችላል። በአዲሱ ሰርቨር ላይ ጠፍቶ የተነሣ ቨርቹዋል ማሽን ያንን ችሎታ ያየዋል፤ ከዚያ ወዳልታደሰው ሰርቨር አልሄድም ሊል ይችላል። በ2018 ብዙዎች ይህ ገጥሟቸዋል። በቪስፊር ኢቪሲ (ሰርቨሮቹ አንድ ዓይነት የፕሮሰሰር ችሎታ እንዲያሳዩ የሚያደርገው) የበራ ከሆነ ይህ ይቀላል። በፕሮክስሞክስም የፕሮሰሰሩ ዓይነት «ሆስት» ከሚሆን የጋራ ዓይነት ቢሆን ይሻላል። ሁሉም እስኪታደሱ ድረስ ማሽኖችን ሳያስፈልግ አጥፍታችሁ አታንሡ።

10. የቀሩት

ያው ነው። ባዶ ማድረግ፣ ባዶ ሪቡት፣ መጫን፣ መፈተሽ፣ መጠበቅ። ቪስፊርን የሚያስተዳድረው የቪሴንተር ማሽን ሁልጊዜ ያልተነካ ወይም የተፈተነ ሰርቨር ላይ ይሁን፤ ሁለት የዶሜይን ሰርቨሮች ካላችሁም በተለያየ ሰርቨር አስቀምጧቸው። ሁለት ሰርቨር ባንዴ ሠርቶ ሰዓት ማትረፍ የሚባለውን ሐሳብ ከቡድናችሁ አስወጡ።

11. ቢበላሽ

አፕዴቱ የቆመ ከመሰላችሁ ሰዓት ተመልከቱና 30 ደቂቃ ሙሉ ጠብቁ። ከዚያ በኋላ ቢኤምሲው በሌላ መንገድ ይመልስ እንደሆነ ሞክሩ። ብዙ ዘመናዊ ሰርቨሮች የባዮስና የቢኤምሲ መጠባበቂያ ቅጂ ስላላቸው ራሳቸው ይመለሳሉ። ካልሆነ ሁለቱንም የመብራት ገመድ ነቅሎ ትንሽ ቆይቶ መልሶ መሰካት ይረዳል፤ ይህ የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው እርምጃ አይደለም።

ሰርቨሩ ተነሥቶ ግን ኔትወርኩ ወይም ዲስኩ ስህተት የሚሰጥ ከሆነ፣ በዴል የላይፍሳይክል መቆጣጠሪያ ያለፈውን ቨርዥን ይይዛል፤ ወደ እሱ ተመለሱ። ሌሎቹ ላይ የድሮውን ፋይል ቀድማችሁ ማውረድ አለባችሁ። ጭራሽ ካልተነሣም ክላስተሩ በቀሩት እየሠራ ነው፤ እስከ ጠዋት መሸከም ይችላል። ሌሊቱን ሙሉ ቦርድ ከመታገል ሴሪያል ቁጥሩንና ሎጉን ይዞ የድጋፍ ጥያቄ መክፈት ይሻላል። ሌሎቹን ግን አትንኩ።

12. ከመሄዳችሁ በፊት

ኖአውትን አጥፉ። ዲአርኤስንና ኤችኤን ወደ ነበሩበት መልሱ። ቢትሎከርን መልሱ። የተሰካ አይኤስኦ ንቀሉ፤ ባክአፑ በሰዓቱ መነሣቱን እዩ። ቢኤምሲዎቹ ከተራ የቢሮ ኔትወርክ ተለይተው በራሳቸው መስመር ላይ ካልሆኑ ያንን ለሚቀጥለው ወር ሥራ አድርጋችሁ ያዙት። ሠንጠረዡ ላይ አዲሶቹን ቨርዥኖች ጻፉ፤ እያንዳንዱ ሰርቨር ስንት ደቂቃ እንደፈጀም ጭምር፤ የሚቀጥለው ዕቅድ በዚያ ላይ ይሠራል። የወረዱትን ፋይሎች አትሰርዙ። ነገ የአንዱ ሰርቨር ቦርድ ቢቀየር አዲሱ ቦርድ የራሱን ፈርምዌር ይዞ ነው የሚመጣው፤ ከሌሎቹ ጋር የምታስተካክሉት በዚሁ ቅጂ ነው።